ሊቀ ስብርባሪ ዮፍታሄ

ፎቶ ሲያሳዩት ሰውየውን ትቶ ከሰውየው ኋላ ያለውን የሚያይ ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። የልጃችሁን የሠርግ ፎቶ ትዘረጉለታላችሁ፤ «ሙሽራዋ እንዴት ናት?» ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። እሱ ግን መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ፣ ፎቶውን አፍንጫው ሥር አስጠግቶ፣ «ይቺ ከኋላ የቆመችው ፊያት መብራቷ የሷ አይደለም፤ ተቀይሯል» ይላችኋል። ሙሽራዋን አላያትም። አይቷት ከሆነም መብራቱን ስለጋረደችበት ተቀይሟታል። እንዲህ ያለ ሰው ደሴም ጅማም ይገኛል። የሁሉም አለቃ ግን ጁባ ነበሩ፤ አማራት በሚባለው ሰፈር፣ የዕፀገነት ሆቴል የጓሮው ጥግ ክፍል የሚኖሩት ጋሽ ዮፍታሄ።

የሆቴሉ ባለቤት ዕፀገነት ያወቀቻቸው ለምሳ ብለው የገቡ ቀን ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ በአንድ የጭነት ኩባንያ ይሠራሉ፤ ጭነቱ ሚዛኑን ጠብቆ መጫኑን ሳያዩ አውሮፕላን አይነሳም። ያን ቀን ጥብስ አዘዙ፤ ጥብሱ ቀረበ፤ እሳቸው የሉም። ግድግዳው ፊት ቆመዋል። ግድግዳው ላይ ዕፀገነት ከቀድሞው ባለቤት ከወንበርና ከጠረጴዛው ጋር የተረከበችው አንድ ያረጀ ፎቶ ተሰቅሏል። የተሰበረ ድልድይ ነው ብላ ነበር የምታምነው። ደንበኞቿም ድልድይ ነው ይሉ ነበር። ፊት ለፊት የስኳርና የዱቄት ጅምላ መደብር ያለው ረፊቅማ ድልድዩን አውቀዋለሁ፣ በልጅነቴ ተሻግሬዋለሁ ይል ነበር።

«እመቤት፣ ይሄን ማን ሰቀለው?»

«እኔ ነኝ። ምነው?»

«ተገልብጧል።»

ፈቃድ ሳይጠይቁ ከምስማሩ አወረዱት፤ አዙረው ሰቀሉት። ድልድዩ ጠፋ። በአፍንጫው መሬት ላይ የተተከለ፣ ክንፉ ድርብ የሆነ፣ ሸራው የተበጫጨቀ አውሮፕላን ብቅ አለ። ከዚያ ረፊቅ፣ «የተሻገርኩት ሌላ ነው ማለት ነው» አለና ወደ ሳህኑ ተመለሰ። «ሊቀ ስብርባሪ» የሚለውን ማዕረግ ያወጣላቸውም እሱ ነው። ጋሽ ዮፍታሄ ማዕረጉን እንደ ሹመት ተቀበሉት።

የእሳቸው ፍቅር የመጀመሪያዎቹ የጦር አውሮፕላኖች ናቸው፤ ከእንጨት፣ ከሸራና ከሽቦ የተሠሩት። በዚያ ላይ ወድቀው የተሰባበሩ መሆን አለባቸው። ሙሉ አውሮፕላን ያለበትን ፎቶ ብታሳዩዋቸው፣ «ይሄንን ማንም ያውቀዋል» ብለው ይመልሱላችኋል። ከጁባ ማረፊያ ሜዳ ዳር ዳር የወዳደቁትን ዘመናዊዎቹንም አይቆጥሯቸውም። «እነዚያ ገና ልጆች ናቸው» ይላሉ። እሳቸውን የሚያስደስታቸው ከአንድ የአመድ ክምር የወጣ ጎማ፣ የሞተር ቁራጭ፣ የጅራት ሽቦ ነው። አንዱ ቸኩሎ ግምት ሲሰጥ እጃቸውን ከፍ አድርገው ያስቆሙታል። «ቀስ በሉ። ብረቱ ይናገር።»

ዕፀገነት መጀመሪያ ላይ ትንሽ ነካ ያደረጋቸው መስሏት ነበር። እየቆየች ስታይ ግን ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ገባት። ከመላው ዓለም ሰዎች በኢንተርኔት ፎቶ ይልኩላቸዋል። የሆነ ሰው አያት የሞተበት፣ የሆነ ሰው አጎት የተረፈበት። እሳቸው ቅዳሜን ሙሉ ምግብ ቤቱ ጥግ ተቀምጠው አንድ የጎማ ዘንግ ሲያዩ ይውላሉ። ማታ «አገኘሁት» ሲሉ ፊታቸው የሃያ ዓመት ጎረምሳ ይመስላል። አገኘሁት ብለው ያልሆነበትን ቀን አታስታውስም።

አንድ ተቀናቃኝ ብቻ አላቸው፤ ቤልጅግ አገር የሚኖር አንድ ሽማግሌ። ሁለቱ ተያይተው አያውቁም። በየሳምንቱ ግን ይጨቃጨቃሉ፤ የዕፀገነት ደንበኞችም ጭቅጭቁን እንደ ኳስ ይከታተሉታል። ረፊቅ ስለ አውሮፕላን አንዲት ነገር ሳያውቅ የቤልጅጉ ደጋፊ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 ጁባ ውስጥ ከተነሳው የታኅሣሥ ጦርነት ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ የነገሩ መነሻ የሆነው ቢየል ነው። ቢየል ኑዌር ነው። በልጅነቱ በስደት ኢታንግ ገብቶ፣ ጋምቤላ ተምሮ፣ አገሩ ነጻ ስትወጣ የተመለሰ ጎልማሳ ነው። አማርኛው የአራዳ ልጅ አማርኛ ነው፤ ሽሮ ሳይቀምስ የዋለ ቀን ራሱን ያመዋል። ለአንድ የእርዳታ ድርጅት የመኪና ስምሪት ይሠራል። አንድ ቀን ሽሮውን እየበላ፣ «ጋሼ፣ እኛም ቤት እኮ የወደቀ አውሮፕላን ፎቶ አለ። አያቴ አጠገቡ ቆሞ» አለ።

ጋሽ ዮፍታሄ የጠቀለሉትን ጉርሻ ወደ ትሪው መለሱ።

«ሞተሩ ይታያል?»

«እኔ እንጃ። እኔ የማየው አያቴን ነው።»

በሐዘን ተመለከቱት። ከዚያ ተነሱ።

ዕፀገነት ዳቦ ይዛ አብራ ሄደች፤ የቢየልን አክስት ትወዳቸዋለች። ቢየል አትላባራ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ከአክስቱ ጋር ነው የሚኖረው። እማማ ኛቦል እንደ እናት ያሳደጉት የአባቱ እህት ናቸው፤ ቁመተ ረዥም፣ ፒፓቸው ከአፋቸው የማይጠፋ አሮጊት። ከኢታንግ ዘመን የተረፈች ጥቂት አማርኛ አለቻቸው። ፎቶውን ከአልጋቸው በላይ ካለው ግድግዳ አወረዱና፣ እንግዳ እንደሚያስተዋውቅ ሰው፣ «አባቴ ነው። ቱት» አሉ።

አንድ ቀጭን ረዥም ወጣት አንድ እጁን ከተሰበረው አውሮፕላን አፍንጫ ላይ ጣል አድርጎ ቆሟል። የቆመው ልክ የሞተሩ ራዲያተር ፊት ነው።

ጋሽ ዮፍታሄ ረዥም ጊዜ አዩት። «ምናለ ትንሽ ወደ ጎን ብለውልን ቢሆን» አሉ።

ቢየል ይሄን ሊተረጉም አልደፈረም። እማማ ኛቦል ግን ገብቷቸዋል፤ ፒፓቸውን አውጥተው ሳቁ። «ሂድና ራስህ ንገረው።»

ከዚያ በቢየል አስተርጓሚነት ታሪኩን ነገሯቸው። እንግሊዞች በአውሮፕላን መጥተው ኑዌሮችን በቦምብ ያስፈራሩበት ዘመን ነው። አንደኛው አውሮፕላን ማንም ሳይነካው ረግረግ ውስጥ ወደቀ። ቱት የጠፋች ላም ፍለጋ ሲሄድ ሁለት ከዋጃዎች፣ ነጮች ማለታቸው ነው፣ ክንፉ ላይ ተቀምጠው አገኘ፤ የአንደኛው እግር ተሰብሯል። ያንን በጀርባው አዝሎ፣ ከረግረጉ አወጣው። በኋላ እንግሊዞቹ ሞተሩን ሊወስዱ ተመልሰው ሲመጡ ፎቶ አነሱት፤ ሌላ ጊዜም ቅጂውን አመጡለት።

«ቦምብ ሊጥሉብን የመጡ ሰዎች እኮ ናቸው» አለ ቢየል።

«እግሩ ተሰብሮ ነበር» አሉ አክስቱ፤ መልሱ እሱ ሆኖ።

ጋሽ ዮፍታሄ ግን ፎቶውን ከፍሬሙ አውጥተው መስኮቱ ዘንድ አስቀምጠውታል። አጠገቡ ማስመሪያ አኖሩ፤ ካሜራቸውን አወጡ፤ ጎማውን አነሱ፣ ክንፉን አነሱ፣ ጅራቱን፣ ሞተሩን፣ ከጭቃው በላይ የቀረችውን የቁጥር ቁራጭ አነሱ። ዕፀገነት ብርሃኑ እንዳያንጸባርቅ ካርቶን ይዛ እጇ ዛለ። ሲጨርሱ ፎቶውን ወደ ፍሬሙ መልሰው፣ እማማ ኛቦልን እጅ ነስተው ወጡ።

ለሳምንታት ክርክሩ ጦፈ። ቤልጅጉ አውሮፕላኑ ፌይሪ የሚባለው ዓይነት ነው አለ፤ ጋሽ ዮፍታሄ ዲኤች ናይን ኤ ነው አሉ። የፌይሪው ሞተር ሲሊንደሮቹ በሦስት ረድፍ የቆሙ ናቸው፣ የናይን ኤው በሁለት፤ ፎቶው ላይ ደግሞ የሚታየው ሁለት ነው። ቤልጅጉ ሦስተኛው ጭቃ ውስጥ ነው አለ። ጋሽ ዮፍታሄ ከቱት ክርን ሥር ያለችውን የራዲያተር ጠርዝ አሳይተው፣ «የናይን ኤ ፊቱ እንደ ጭነት መኪና ጠፍጣፋ ነው፤ ይኸው» ብለው ጻፉ። ረፊቅ፣ «ቤልጅጉ ልክ ነው፤ ጭቃ ብዙ ነገር ይደብቃል» አለ።

ታኅሣሥ ላይ ተኩሱ ተነሳ።

ዕፀገነት በሯን ዘግታ፣ ደንበኞቿንና ሠራተኞቿን መጋዘን ውስጥ አስተኝታ ከረመች። ከተማው ሲረጋጋ የሰማችው ወሬ ለማንም የሚነገር አልነበረም። ቤት ለቤት ሰው ሲፈለግ ነበር፤ ኑዌር የሆነ ሁሉ ወይ ሸሽቷል ወይ ሞቷል። ቢየል በሕይወት እንዳለ ያወቀችው ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ካለው የተመድ ግቢ ውስጥ ሆኖ ሲደውልላት ነው። አክስቱን ተሸክሞ ነው የገባው። ቤቱ ተዘርፎ ተቃጥሏል።

«አክስቴ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የምትለው» አላት። «ቤት ይሠራል ትላለች። አባቴን ግን ሁለተኛ አላየውም ትላለች። ከዚያ ፎቶ ሌላ የለንም፣ ዕፀዬ።»

ዕፀገነት ደስ አላት። እንዲህ ባለ ጊዜ ደስ የሚል ነገር ማግኘት ራሱ ተአምር ነው። «ቆይ እንጂ፣ ጋሽ ዮፍታሄ ጋ አለ እኮ» አለች። «ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ። ንገራቸው፤ ጠፍቷል አትበላቸው።» በስልኩ ውስጥ ቢየል ለአክስቱ ሲነግር ሰማች። ከዚያ የአሮጊቷን ድምፅ ሰማች፤ ቋንቋውን ባታውቅም ምን እንደተባለ ገባት።

ስልኩን ዘግታ ወደ ጓሮው ሮጠች። ጋሽ ዮፍታሄ ነገሩን ሲሰሙ የፊታቸው ቀለም ተለወጠ። ኮምፒውተሩን ከፈቱ። ጎማ። ክንፍ። ጅራት። ሞተር፤ በላዩ የቱት እጅ። አንድ ጉልበት። አንድ ክርን። ከጭቃው የወጣ ቁጥር። ሌላ ጎማ።

«ፊቱ የታለ?» አለች።

ወደ መጀመሪያው ጎማ መለሱት።

«ጋሽ ዮፍታሄ፣ የሰውየው ፊት የታለ?»

«አላነሳሁትም» አሉ። «ከሞተሩ በላይ ነበር።»

ዕፀገነት ሰው ላይ ጮኻ አታውቅም፤ ያን ቀንም አልጮኸችም። ምሳቸውን ግን በልጅ ላከችላቸው እንጂ ራሷ አላቀረበችም፤ ከዚያ በኋላም ለብዙ ቀን ሰላምታ ከመመለስ በቀር አላናገረቻቸውም። ለቢየል ደውላ እውነቱን መናገር ነበረባት። ስልኩን አንስታ ታስቀምጣለች፣ ታነሳና ታስቀምጣለች። በመጨረሻ ጋሽ ዮፍታሄ ራሳቸው መጥተው ስልኩን ከእጇ ወሰዱና ደወሉ። ቢየልን አላባበሉትም። «ጥፋቱ የኔ ነው። አያትህን አይቼ አላየኋቸውም» አሉ። «ግን ስማኝ። ለእሳቸው የሰጡት ቅጂ ነው። ቅጂ ካለ ዋናው የሆነ ቦታ አለ። እፈልገዋለሁ።»

ፍለጋው ከዓመት በላይ ፈጀ። አሁን የአውሮፕላኑን ዓይነት ማወቁ አይበቃም፤ ያንኑ አንዱን አውሮፕላን፣ የትኛው ቡድን ውስጥ እንደነበረና ማን ሲያበርረው እንደወደቀ ማወቅ ያስፈልጋል። ከጭቃው በላይ የቀረችውን የቁጥር ቁራጭ ይዘው፣ ጅራቱ ላይ ያለችውን የሸራ ጥጋኝ ከሌሎች ፎቶዎች ጋር እያስተያዩ፣ ለማያውቁት ሰው ሁሉ ጻፉ። ሌላ ፎቶ የሚልክላቸውን ሁሉ፣ «ይቅርታ፣ አሁን ሰው እየፈለግሁ ነው» ይሉ ጀመር። ዕፀገነት ይህንን አንድ ቀን በትከሻቸው ላይ አንብባ፣ በማግስቱ ምሳቸውን ራሷ ይዛ ሄደች።

መንገዱ ሲዘጋባቸው ለቤልጅጉ ጻፉ። ምን ብለው እንደጻፉ ረፊቅ ለደንበኞቹ ጮክ ብሎ አነበበላቸው፤ ማመን አቅቶት ነበር። «ስለ ሦስተኛው ረድፍ ልክ ልትሆን ትችላለህ። ፌይሪ ነው ካልከኝ ፌይሪ ይሁን። አንተ እንግሊዝ አገር የምታውቃቸው ሰዎች አሉ። የአንድ ሰው ፊት እንድታፈላልገኝ እለምንሃለሁ።»

ረፊቅ አንብቦ ሲጨርስ፣ ያ ሁልጊዜ የሚቀልድ ሰው፣ ምሳውን ሳይጨርስ ወደ ሱቁ ሄደ።

የቤልጅጉ መልስ በማግስቱ መጣ። «አትሞኝ። ናይን ኤ ነው። ያንን የራዲያተር ጠርዝ ያሳየኸኝ ቀን አውቄዋለሁ። የተከራከርኩህ ሌላ የምከራከረው ሰው ስለሌለኝ ነው። አሁን ቁጥሯን ላክልኝ።»

ከዚያ ነገሩ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገረ፤ በቁጥሯ የአውሮፕላኑ መዝገብና የሰዎቹ ስም ተገኘ። እግሩ የተሰበረው ሰው መካኒክ ነበር። ልጅ አልወለደም፤ የወንድሙ ልጅ ግን አለች፤ እሷም አርጅታለች። የአጎቷ አልበም አለ፤ ግን የት እንዳስቀመጠችው ረስታለች። ክረምት ሆነ፣ በጋ ሆነ። እነ ቢየልም ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ተነስተው ጀበል ከሚባለው ተራራ ሥር ወዳለው ካምፕ ተዛወሩ። ዕፀገነት በየወሩ ስትጠይቃቸው እማማ ኛቦል፣ «ከዋጃዋ አገኘችው?» ይላሉ። «እየፈለገች ነው እማማ» ትላለች። ሌላ ምን ትበል።

እ.ኤ.አ. በ2015 የዝናቡ ወቅት፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ምግብ ቤቱ ሙሉ ሆኖ፣ ፎቶው መጣ። የጁባ ኢንተርኔት ነውና ምስሉ ከላይ ወደ ታች ክር በክር ነው የሚወርደው። መጀመሪያ ሰማይ። ከዚያ ባዶ ሰማይ። ከዚያ የላይኛው ክንፍ ጫፍ። ደንበኞቹ ሳህናቸውን ትተው ከጋሽ ዮፍታሄ ወንበር ጀርባ ተሰበሰቡ። መብራት እንዳይጠፋ ዕፀገነት አንዱን ሠራተኛ ጄኔሬተሩ ዘንድ አቆመችው። ከክንፉ ሥር ፀጉር ታየ። ከዚያ ግንባር። ጋሽ ዮፍታሄ እጃቸውን የኮምፒውተሩ ማያ ገጽ ላይ ጭነው፣ እንዳይመለስ የሚይዙት ይመስል፣ አይነቅሉትም። ዓይን። አፍንጫ። ትንሽ ፈገግ ያለ አፍ።

ምስሉ አልቆ ሲወርድ ቢየል ቤት ከነበረው ፎቶ ሰፊ ነበር። የእነሱ ቅጂ ፍሬሙ እንዲበቃው ጎኑ ተቆርጦ ኖሯል። በቀኝ በኩል፣ ከጅራቱ ወዲያ፣ አውሮፕላኑን ሊያዩ የመጡ ሰዎች ተሰልፈው ቆመዋል። ጋሽ ዮፍታሄ የቱትን እጅ እሳቸው ካነሱት ቁራጭ ጋር አስተያዩ፤ ጣት በጣት አንድ ነው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ መልሰው አላደረጉትም።

ረፊቅ ፎቶውን በትልቅ ወረቀት አሳትሞ አመጣ። እሁድ ጠዋት ዕፀገነትና ጋሽ ዮፍታሄ ካምፑ ሄዱ። እማማ ኛቦል ድንኳኑ በር ላይ ጄሪካን ላይ ተቀምጠዋል። ፎቶውን ጭናቸው ላይ ዘረጉላቸው። አሮጊቷ አላለቀሱም። ጣታቸውን በፎቶው ላይ አላሳረፉም። ፊቱን አይተው፣ «ልጄ ይመስላል» አሉ። ከአባታቸው አርጅተዋል።

ከዚያ ዓይናቸው ወደ ቀኙ ጥግ ሄደ። አንዱን ሰው አሳይተው ስም ጠሩ። ቀጥሎ ያለውንም ጠሩ።

«በምን አወቁት እማማ?» አሉ ጋሽ ዮፍታሄ። «ፊቱን አዙሯል እኮ።»

ቢየል የአክስቱን መልስ ተረጎመ። «ፊቱን ማን ጠየቀህ? እግሩን እይ። በአንድ እግሩ ነው የተደገፈው። ሌላውን ጉማሬ ነክሶታል።»

ጋሽ ዮፍታሄ አጎንብሰው አዩ። እውነት ነው፤ ሰውየው በአንድ እግሩ ነው የተደገፈው። መሬት ላይ ተቀመጡ።

ከጅራቱ ጀርባ አንዲት ሴት ቆማለች፤ ፊቷን ሸራው ጋርዶታል። የሚታየው ትከሻዋና አንድ ክንዷ ነው። እማማ ኛቦል እዚያ ሲደርሱ ፒፓቸውን ከአፋቸው አወጡ።

«እናቴ ናት» አሉ።

የእናታቸው ምስል በዓለም ላይ አልነበረም። እሳቸው ገና ትንሽ ሳሉ ነው የሞቱት። ዕፀገነት ጋሽ ዮፍታሄ አፋቸውን ሲከፍቱ አይታ በእግሯ ጎሸመቻቸው፤ አልሰሟትም። «ሌላ ሴት ልትሆን አትችልም?» ብለው ጠየቁ፤ ቤልጅጉን የሚጠይቁትን ያህል በክብር።

እማማ ኛቦል አልተቀየሙም። የፎቶዋን ሴት ክንድ አሳዩ፤ አምባሩ ከክርኗ በላይ ነው የታሰረው። «ሌሎቹ ሁሉ አንጓቸው ላይ ነው ያሰሩት። እሷ ከክርን በላይ ታስራለች፤ ወተት ስትገፋ እንዳያስቸግራት። እኔንም እንደዚያ ነው ያስተማረችኝ።» እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። አሮጌ የነሐስ አምባር ከክርናቸው በላይ ሥጋቸው ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል።

ጋሽ ዮፍታሄ አምባሩን አዩ፣ ፎቶውን አዩ፣ አምባሩን አዩ። «ተረጋግጧል» አሉ።

ሊሄዱ ሲነሱ እማማ ኛቦል ለቢየል አንድ ነገር ነገሩት። ቢየል አፈረ፤ መተርጎም አልፈለገም። አሮጊቷ ግን በራሳቸው አማርኛ ተናገሩት። «ይሄን ብረት ቆርጣችሁ፣ ሰዎቹን ብቻ ትልቅ አታደርጉልኝም? ብረቱ ቦታ ይዟል።»

ዕፀገነት የጋሽ ዮፍታሄን ፊት ለማየት ፈራች። ፎቶው ከጫፍ እስከ ጫፍ የጠራ ነው፤ ሞተሩ፣ ክንፉ፣ ጅራቱ። በሕይወታቸው እንዲህ ያለ የናይን ኤ ስብርባሪ አላዩም።

«ይቻላል እማማ» አሉ።

ሲመለሱ የዚያኑ ቀን ሥራውን ጀመሩ። ክንፉን ቆረጡ፣ ጎማውን ቆረጡ፣ ሞተሩን ከነሲሊንደሩ አነሱት። ሰዎቹን አቀራርበው አጎሏቸው፤ ጅራቱ ጀርባ ያለችው ሴት ክንድ ከነአምባሩ መሃል ገባ። የቸገራቸው የቱት እጅ ብቻ ነው፤ ራዲያተሩ ላይ ያረፈው። ብረቱን ሁሉ ቢያነሱት እጁ አየር ላይ ይንጠለጠላል። ብዙ ካሰቡ በኋላ ከእጁ ሥር መዳፍ የምታህል ብረት ተዉለት።

ያ ፎቶ ካምፑ ውስጥ ከእማማ ኛቦል አልጋ በላይ ተሰቀለ። አንድ ጉብኝት ላይ ዕፀገነት ቀና ብላ አየችውና ጋሽ ዮፍታሄን ለማስፈገግ፣ «እስቲ ይሄ የተደገፈበት የምን አውሮፕላን ነው?» አለቻቸው።

ጋሽ ዮፍታሄ የቱትን ፊት እያዩ ነበር።

«ከዚህች ብቻ መለየት አይቻልም» አሉ።